ወንዙ ሐይቅ ሲሆን

በማንኩሽና በአካባቢዋ ስለሚደረገው የቤተ ሰብ የወንዝና የዱር ውሎ ለማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ የቀረበ ንግግር



«የቤተ ሰብ ሽርሽር» ሲባል በከተማ ለሚኖር ሰው በዓይነ ኅሊናው የሚታየው፣ ቅዳሜና እሑድን ጠብቆ፣ ምሳውን አስቋጥሮ፣ ልጆቹን በመኪና አሳፍሮ ወደ ሶደሬ ፍል ውሃ ወይም ወደ ላንጋኖ ሐይቅ የሚወርድ አባወራ ነው። በዚህ አስተሳሰብ ሽርሽር ከሥራ የተለየ፣ እንዲያውም ሥራን ለመርሳት ሲባል የሚደረግ ነገር ነው። በማንኩሽና በአካባቢዋ ግን ጉዳዩ መልኩን ይለውጣል። እዚያ ቤተ ሰብ በአንድነት ወደ ወንዝ የሚወርደው ሊሠራም ሊዝናናም፣ ሊመገብም ሊማርም ነው። እናት ወርቅ ለማጠብ አሸዋ ስትዝቅ ልጅ በጥልቀት የለሹ ውሃ ውስጥ ይንቦጫረቃል፤ አባት መንጠቆውን ሲጥል ታላቁ ወንድ ልጅ ከጎኑ ቆሞ ያያል። ሥራው የት እንዳበቃና ጨዋታው የት እንደ ጀመረ ለይቶ መናገር ያስቸግራል።

ይህ ጉዳይ አብዛኞቹ አባላቱ በማስተማር ሥራ ለተሰማሩበት ማኅበር የሚቀርብበት ምክንያት አለው። የወንዝ ውሎ ለአካባቢው ልጅ የመጀመሪያው ትምህርት ቤት ሆኖ ኖሯል። መምህራኑ ወላጆች ናቸው፤ መጽሐፉም ወንዙ ነው። አሁን ግን መጽሐፉ ተለውጧል። ዐባይ በጉባ ላይ ሐይቅ ሆኗል። ስለዚህ ሊጠየቅ የሚገባው ጥያቄ ይህ ነው፤ ወላጆች ስለ ወንዙ ያካበቱት ዕውቀት ሐይቁን ለማወቅ ይበቃልን? ካልበቃስ ለልጆቹ የሐይቁን ጠባይ ማን ያስተምራቸዋል?

አገሩ

ማንኩሽ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል፣ በመተከል ዞን፣ የጉባ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ የሚነሣ መንገደኛ ጎጃምን አቋርጦ በእንጅባራ፣ በቻግኒ፣ በግልገል በለስና በማንቡክ በኩል ይደርስባታል። መንገዱ ቁልቁል በወረደ ቁጥር የደጋው ብርድ ወደ ኋላ ይቀራል፤ ባሕር ዛፉና ጽዱ እየሳሳ ሄዶ የቆላ ቀርከሃና የዕጣን ዛፍ ይተካዋል። በበጋ ወራት ሙቀቱ እስከ 40 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል። በስተ ምሥራቅ የዳንጉር ከፍታዎችና የበላያ ተራራ ይታያሉ። በላያ በ1933 ዓ.ም. ቀዳማዊ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በሱዳን በኩል ወደ አገራቸው ሲመለሱ ያረፉበትና ሠራዊታቸው የተሰባሰበበት ተራራ ስለ ሆነ በታሪክ የታወቀ ነው። በስተ ደቡብ ደግሞ ዐባይ ከጎጃምና ከወለጋ መካከል ወጥቶ ወደ ሱዳን ጠረፍ ያመራል። ከሰሜን በለስ፣ ከደቡብ ደግሞ ዳቡስ ይገቡበታል።

በመተከል ጉሙዝ፣ ሽናሻ፣ አገው፣ ዐማራና ኦሮሞ አብረው ይኖራሉ፤ ከዐባይ ማዶ በአሶሳ በኩል ደግሞ ቤርታ፣ ማኦና ኮሞ አሉ። በጉባ ቆላ ከሁሉ ይልቅ ከወንዙ ጋር ተያይዞ የኖረው የጉሙዝ ሕዝብ ነው። ማሽላ፣ ዳጉሳና ሰሊጥ ያርሳል፤ ዓሣ ያጠምዳል፤ ማር ይቆርጣል፤ ከዱር ፍሬና ሥራሥር ይለቅማል።

ይህን ወንዝ ከውጭ የመጡ ሰዎች በየዘመኑ በልዩ ልዩ ዓይን አይተውታል። በዳንግላ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ሮበርት ቺዝማን እ.ኤ.አ. በ1936 ባሳተመው መጽሐፍ የጣናን ሐይቅና የዐባይን ሸለቆ ለውጭው ዓለም ገለጠ። እ.ኤ.አ. ከ1956 እስከ 1964 የአሜሪካ መንግሥት የውሃ ሥራ ባለሙያዎች ወንዙን አጥንተው በጠረፉ አቅራቢያ ለግድብ የሚያመች ቦታ እንዳለ አመለከቱ። እ.ኤ.አ. በ1968 በእንግሊዛዊው መኰንን በጆን ብላሽፎርድ ስኔል የተመራ ጓድ በጎማ ጀልባ ወንዙን ለመውረድ ሞከረ፤ በዚያ ጉዞም የሰው ሕይወት ጠፋ። ለቺዝማን ዐባይ ያልተገለጠ ካርታ ነበር፤ ለመሐንዲሶቹ የኃይል ምንጭ፣ ለጀልበኞቹም የድፍረት መፈተኛ። ለአካባቢው ቤተ ሰብ ግን ዐባይ የቤቱ ደጃፍ ነበር። ሰው ስለ ደጃፉ መጽሐፍ አይጽፍም፤ ስለዚህም በወንዙ ዳር ስላደገው ዕውቀት የተጻፈው እጅግ ጥቂት ነው።

የወንዝ ውሎ

ዐባይ በክረምት የሚቀረብ ወንዝ አልነበረም። በዓመት ወደ ጠረፉ ከሚወርደው 50 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ ውሃ አብዛኛው የሚያልፈው በሐምሌ፣ በነሐሴና በመስከረም ነበር። በነዚያ ወራት ወንዙ የደጋውን አፈር ተሸክሞ እንደ ደም ቀልቶ፣ ግንድ እያላጋ ይወርዳል። ከኅዳር በኋላ ግን ውሃው ይጠራል፤ ከጥር ጀምሮም ይቀንሳል፤ የአሸዋ ሜዳዎችና ድንጋዮች ብቅ ይላሉ። የቤተ ሰቡ የወንዝ ወራት ይህ ነበር።

ጉዞው ፀሐይ ሳትበረታ በማለዳ ይጀመራል። የጉሙዝ ሴት ሸክሟን በጀርባዋ አታዝልም፤ በትከሻዋ ላይ አግድም በምታሳርፈው ዘንግ ሁለት ጫፎች ላይ አንጠልጥላ ሚዛኑን እየጠበቀች ትሄዳለች። በአንዱ ጫፍ ዱቄትና ማሰሮ፣ በሌላው የውሃ ቅል ሊሆን ይችላል። አባት ቀስቱን ወይም ጦሩን፣ መንጠቆና መረቡን ይይዛል። ልጆቹ በመካከል ይሄዳሉ፤ ትንንሾቹ ወንዶችም እንደ አቅማቸው የተሠራ ቀስት አያጡም።

ወንዙ ዳር ሲደርሱ እያንዳንዱ የሚያከናውነው አለው። ቆረሶና አምባዛ ይጠመዳል። አሸዋው ወርቅ ያለበት ሥፍራ ከሆነ ሴቶች በገበቴ ያጥባሉ። ልብስ ይታጠባል፤ ገላ ይታጠባል። በቀትር ዛፍ ጥላ ሥር እሳት ይነድዳል፤ ዓሣው ይጠበሳል፤ የማሽላ ወይም የዳጉሳ ገንፎ በባምያ ወጥ ይቀርባል። ክረምት ሲገባ ደግሞ ውሎው ከወንዝ ወደ ዱር ይዞራል። ከዝናቡ ጋር ከመሬት የሚወጣው ለጋ የቀርከሃ ቡቃያ ተለቅሞ ይበላል፤ በዛፍ ላይ የተሰቀለው ቀፎም በጊዜው ይታያል።

በዚህ ሁሉ መካከል ትምህርት አለ። ትምህርቱ በቃል ብቻ የሚሰጥ አይደለም። አባት በመሻገሪያው ላይ ቆሞ «ውሃው የሚሸበሸብበት ቦታ ድንጋዩ ቅርብ ነው፤ ዝም ያለው ቦታ ጥልቅ ነው» ብሎ ልጁን እየመራ ያሻግረዋል። ጉማሬ ሌሊት ከውሃ ወጥቶ ሣር ሲግጥ አድሮ ጎሕ ሲቀድ ስለሚመለስ፣ በርሱና በውሃው መካከል መቆም ሞት እንደ ሆነ ልጁ የጉማሬውን ዱካ እያየ ይማራል። አዞ ሰውን የሚጠብቀው በመሀል ውሃ ሳይሆን በዳር፣ ሰው ዘወትር ውሃ በሚቀዳበት ቦታ ስለ ሆነ፣ እናት ልጅዋን በየቀኑ ከአንድ ሥፍራ እንዳትቀዳ ታስጠነቅቃታለች። በቆላው ጠብታ ሳይዘንብ በደጋው ሰማይ ላይ ደመና ከጠቆረ ወንዙ ሳይታሰብ ሊሞላ እንደሚችል ሽማግሌዎች ይናገራሉ። በልዩ ልዩ የአገራችን ክፍሎች ዓሣ ለማስከር የሚያገለግለው የብርብራ ፍሬ እንኳ ትንሹንና ትልቁን ዓሣ ሳይለይ ስለሚፈጅ፣ መቼና የት መጠቀም እንደሚገባና መቼ መተው እንደሚሻል ዕውቀት የሚጠይቅ ነው።

ነገር ግን የወንዝ ውሎን እንደ ገነት አድርጎ ማቅረብ ከእውነት መራቅ ይሆናል። ወባ በቆላው ሁሉ አለ። ወንዙ በየጊዜው ሰው ወስዷል። ደግሞም «የቤተ ሰብ ውሎ» ሲባል ድካሙ ለሁሉ እኩል አይደለም፤ ዘንጉን የምትሸከመው፣ አሸዋውን የምትዝቀው፣ እሳቱን የምታነድደው ሴቲቱ ናት። ልጃገረዲቱም ከወንድሟ ይልቅ ፈጥና ከጨዋታ ወደ ሥራ ትገባለች። የወንዝ ውሎ መልካምነቱ ድካም ስለሌለበት አይደለም፤ በድካሙ ውስጥ ቤተ ሰብ ተሰብስቦ ታናሹ ከታላቁ የሚማርበት ሰዓት ስለሚገኝ ነው።

ሐይቁ

መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. በጉባ የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ የመሠረት ድንጋይ ተጣለ። በ2012 ዓ.ም. ክረምት ውሃ መያዝ ተጀመረ፤ በየካቲት 2014 ዓ.ም. የመጀመሪያው ተርባይን ኃይል ማመንጨት ጀመረ፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ግድቡ ተመረቀ። ቁመቱ 145 ሜትር፣ ርዝመቱ 1.8 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከጎኑም 5.2 ኪሎ ሜትር የሚረዝም የኮርቻ ግድብ አለው። በ13 ተርባይኖች እስከ 5,150 ሜጋ ዋት ለማመንጨት ይችላል። ከኋላው የተኛው ውሃ ንጋት ሐይቅ ተብሏል። ሐይቁ ሲሞላ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ይይዛል፤ ስፋቱም 1,874 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። በስፋት ከጣና ሐይቅ ግማሽ ይበልጣል፤ በያዘው የውሃ መጠን ግን ጣናን ከእጥፍ በላይ ያስከነዳል።

ግድቡ ከመላው ኢትዮጵያ ሕዝብ በተሰበሰበ ገንዘብ ጭምር የተሠራ፣ አገር የምትኮራበት ሥራ ነው። ይህን እውነት ይዞ ሌላውን እውነት አለመርሳት ደግሞ ከተማረ ሰው የሚጠበቅ ነው። ከውሃው ሥር የገቡ መንደሮች ነዋሪዎች ወደ ሌላ ሥፍራ ተዛውረዋል። ተራሮቹ ደሴቶች ሆነዋል። መሻገሪያዎቹ፣ የአሸዋ ሜዳዎቹ፣ ወርቅ የሚታጠብባቸው ዳርቻዎች በውሃ ተሸፍነዋል። ለእያንዳንዱ ድንጋይና ለእያንዳንዱ መሻገሪያ የአካባቢው ሰው ስም ነበረው። እነዚያ ስሞች ዛሬ የሚኖሩት በሰዎች አፍ ብቻ ነው። በአፍ የሚኖር ስም ደግሞ ዕድሜው የተናጋሪው ዕድሜ ያህል ነው።

ከስሞቹ የሚብሰው የጠባይ ለውጥ ነው። ወንዝ ይፈስሳል፤ የጥልቀቱን ምልክት በላዩ ላይ ያሳያል። ሐይቅ ግን ጸጥ ብሎ ይተኛል፤ ጥልቁም ጥልቀት የለሹም ከላይ ሲታዩ አንድ ናቸው። «ዝም ያለው ቦታ ጥልቅ ነው» የሚለው የአባት ምክር ሁሉም ቦታ ዝም ባለበት ምን ይረዳል? ወንዙ በበጋ የሚጎድለው በራሱ ጊዜ ነበር፤ ሐይቁ ግን በክረምት ከሞላ በኋላ የሚቀንሰው ኃይል ለማመንጨት ውሃ በተለቀቀ መጠን ነው። መሬቱ ዘቅዛቃ ባልሆነበት ሥፍራ ውሃው ጥቂት ሜትር ዝቅ ሲል ዳርቻው እጅግ ርቆ ይሸሻል፤ በመካከሉም ጭቃ ይቀራል። ከግድቡ በታች ባለው ወንዝ ደግሞ የውሃው መጨመርና መቀነስ የደጋውን ደመና በማየት ብቻ የሚታወቅ መሆኑ ቀርቷል። ጉማሬውና አዞውም የለመዱትን ሥፍራ ለቀው አዲስ ዳርቻ ይመርጣሉ፤ ዱካቸውን የሚያነብ ሰው እንደ ገና መማር አለበት።

ይህ ባዶ ስጋት አይደለም፤ በዚያው በመተከል የታየ ምሳሌ አለ። በ2002 ዓ.ም. የጣና በለስ የኃይል ማመንጫ ሥራ ሲጀምር የጣና ሐይቅ ውሃ በዋሻ ተመርቶ ወደ በለስ ወንዝ መውረድ ጀመረ። ጣቢያው 460 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ከዚያ በፊት በለስ በበጋ በእግር የሚሻገሩት ወንዝ ነበር። ሰዎች ወደ ገበያ፣ ወደ እርሻ፣ ወደ ዘመድ በዚያው ይሻገሩ ነበር። ውሃው ከተጨመረ በኋላ ግን ወንዙ በበጋም ሙሉ ሆነ። ብዙ ሰዎችም በለመዱት መሻገሪያ፣ በለመዱት ወር ሊሻገሩ ሲሞክሩ ተወሰዱ። የሞቱት ወንዙን ስላላወቁ አልነበረም፤ አሳምረው ያውቁት ነበር። የሚያውቁት ግን የትናንቱን ወንዝ ነበር። ዕውቀት ሳይታደስ ሲቀር ከድንቁርና ይልቅ አደገኛ የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ የማያውቅ ሰው ይፈራል፤ አውቃለሁ የሚል ግን አይፈራም።

ከሌሎች የሚገኝ ትምህርት

ታላላቅ ወንዞችን ወደ ሐይቅ የለወጡ ሌሎች የአፍሪካ አገሮችም በዚህ መንገድ አልፈዋል። በጋና የአኮሶምቦ ግድብ እ.ኤ.አ. በ1965 ሲጠናቀቅ የቮልታ ሐይቅ ተፈጠረ፤ 80,000 ያህል ሰዎችም ከመኖሪያቸው ተነሡ። ደኑ ሳይመነጠር በውሃ ስለ ተዋጠ፣ ከውሃው በታች የቀሩ ጉቶዎች ለብዙ ዓመታት ጀልባ ሲገለብጡ ኖረዋል፤ ከሞቱት መካከልም ሕፃናት ይገኙባቸዋል። በጉባ ውሃው ከመሙላቱ በፊት የደን ምንጣሮ ሥራ ተካሂዷል። ቢሆንም ይህን በሚያህል ስፋት ውስጥ የቀረ ጉቶ ሊኖር ይችላል ብሎ መጠንቀቅ ይገባል።

ሁለተኛው የቮልታ ትምህርት ስለ ጤና ነው። ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣ ፈጣን ውሃ አይስማማውም፤ አረም በበዛበት፣ ውሃው በረጋበት ዳርቻ ግን ይራባል። የቮልታ ሐይቅ ከተፈጠረ በኋላ በሽታው በዳርቻው ባሉ መንደሮች ልጆች ላይ በከፍተኛ መጠን ተስፋፋ። ምክንያቱም ከሁሉ ይልቅ ውሃ ውስጥ የሚውሉት ልጆች ናቸው። በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል በኩርሙክ አካባቢ ፊኛን የሚያጠቃው የቢልሃርዝያ ዓይነት እንደሚገኝ ከታወቀ ቆይቷል። ስለዚህ በንጋት ዳርቻ የሚዋኝ ልጅ ከጉማሬና ከአዞ ሌላ የማይታይ ጠላትም አለው። በሽታው መድኃኒት አለው፤ ነገር ግን ልጁ እንደ ገና ወደዚያው ውሃ ከገባ እንደ ገና ይይዘዋል።

እዚህ ላይ የአንድ ኢትዮጵያዊ ሳይንቲስት ሥራ መነሣት ይገባዋል። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በዐድዋ ስለ ቢልሃርዝያ ሲያጠኑ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ በታች በርካታ የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አዩ። ከዚያ ተነሥተው እንዶድ ቀንድ አውጣን እንደሚገድል አረጋገጡ። እ.ኤ.አ. በ1989 ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። እንዶዱ የአገር ቤት ሴቶች ሳሙና ነበር፤ ወንዙም የልብስ ማጠቢያቸው። የሳይንቲስቱ ታላቅነት እናቶች በወንዝ ዳር የሚሠሩትን ዝቅ አድርገው ሳይመለከቱ ቆመው በማየታቸው ነው። ወንዝ ዳር የሚውል ቤተ ሰብ የሚያስተምረው ነገር እንዳለው ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

ሦስተኛው ትምህርት ከካሪባ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ የዛምቤዚ ወንዝ ሲገደብ 57,000 ያህል የቶንጋ ሰዎች ከወንዙ ዳር ተነሡ። ብዙዎቹ የሠፈሩት ከውሃው ርቀው ነበር። ከዚያ በኋላ በሐይቁ ላይ የዓሣ ኢንዱስትሪ አደገ፤ ለሽርሽር የሚመጡ እንግዶች ማረፊያም በዳርቻው ተሠራ። አያቶቻቸው በወንዙ ዳር የኖሩ ልጆች ግን ውሃውን ከሩቅ እያዩ ያደጉበት ሁኔታ ተፈጠረ። በንጋት ሐይቅም ዓሣ ማስገር ተጀምሯል፤ ስለ ቱሪዝምም ብዙ ይታሰባል። ይህ መልካም ነው። ጥያቄው ዳርቻው ሁሉ ለእንግዳ ሲሸነሸን የማንኩሽ እናት ልጆቿን ይዛ የምትወርድበት ሥፍራ ይቀራል ወይ ነው።

ምን ይደረግ?

አንደኛ፤ በሐይቁና ከግድቡ በታች ባለው ወንዝ ዳር ያሉ ትምህርት ቤቶች ወላጆችን ከልጆቻቸው ጋር ወደ ውሃው ዳር የሚያወጡበት ቀን በየወቅቱ ቢኖራቸው ይበጃል። በዚያ ቀን መምህሩ ብቻ ተናጋሪ፣ ወላጁ ብቻ አድማጭ መሆን የለበትም። የጤና ሠራተኛው ስለ ቀንድ አውጣው ያስረዳል፤ የግድቡ ሠራተኛ ውሃው መቼ እንደሚወርድና መቼ እንደሚሞላ ይናገራል፤ ሽማግሌው ደግሞ የጉማሬውን አዲስ ዱካ ያሳያል። ልጁ አባቱ ሲጠይቅ ማየቱ ራሱ ትልቅ ትምህርት ነው። አባት አላውቅም ብሎ ከልጁ ጋር አብሮ ቢማር ክብሩ አይቀንስም፤ የድሮውን ወንዝ ብቻ እያስታወሰ ዝም ካለ ግን ልጁ ሐይቁን ብቻውን ይማረዋል። ሐይቅን ብቻውን የሚማር ልጅ ደግሞ ስሕተቱን ለመንገር ላይመለስ ይችላል።

ሁለተኛ፤ ዋና ያልተማረ ልጅ በሐይቅ ዳር ማሳደግ እሳት ዳር እንደ መተው ነው። ወንዝን በእግር መሻገር የሚችል ሁሉ ዋና ይችላል ማለት አይደለም። በጀልባ ለሚሳፈሩ የመንሳፈፊያ ጃኬት፣ ለልጆችም የተከለለና የታወቀ መዋኛ ሥፍራ ሊኖር ይገባል። ሴት ልጆች ከዚህ ትምህርት እንዳይቀሩ ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ውሃ ለመቅዳት ወደ ዳር የሚላኩት እነርሱ ናቸውና።

ሦስተኛ፤ የዳርቻው አንድ ክፍል ለአካባቢው ቤተ ሰብ ሳይከፈልበት ክፍት ሆኖ ይቈይ። ከሩቅ የሚመጣ እንግዳ ሐይቁን አይቶ ይመለሳል፤ የማንኩሽ ልጅ ግን ዕድሜውን ሙሉ ከሐይቁ ጋር ይኖራል። እንግዳውም ቢሆን በሆቴል በረንዳ ላይ ሆኖ ከሚያየው ይልቅ የአገሬው ቤተ ሰብ በውሃው ዳር ሲሠራና ሲጫወት ቢያይ ስለ አገሩ የበለጠ ያውቃል።

አራተኛ፤ ከውሃው በታች የገቡት ሥፍራዎች ስሞች ይጻፉ። ይህ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ተማሪው ደብተሩን ይዞ አያቱን ይጠይቅ፤ መሻገሪያው ምን ይባል ነበር? ድንጋዩስ? ዓሣ የሚበዛው የት ነበር? ለምን? በጉሙዝኛ የሚነገረው በጉሙዝኛ ይጻፍ፤ ሌላውም በየቋንቋው። መምህራን ይህን ሥራ ለማስተባበር ከማንም ይልቅ የተመቹ ናቸው። አሥር ዓመት ቢዘገይ ግን የሚጠየቁት ሰዎች አይገኙም።

ይህ ሁሉ የሚቻለው ሰላም ሲኖር ነው። በመተከል በተለይ በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. በደረሰው ግጭት ብዙ ሰው ሞቷል፤ ብዙ ሰው ቤቱን ጥሎ ተሰድዷል። በዚያን ጊዜ ወደ ወንዝ የሚወስደው መንገድ ራሱ የሚያስፈራ ነበር። ቤተ ሰብ በማለዳ ተነሥቶ፣ ልጆቹን በመካከል አድርጎ፣ ወደ ውሃ ወርዶ፣ በሰላም ሲመለስ ማየት በአንድ አገር ሰላም ስለ መኖሩ ከማናቸውም መግለጫ ይበልጥ ይመሰክራል። የጉሙዙም፣ የሽናሻውም፣ የአገውም፣ የዐማራውም፣ የኦሮሞውም ልጅ በአንድ ዳርቻ ሲንቦጫረቅ ወላጆቹም በአንድ ጥላ ሥር ለመቀመጥ ምክንያት ያገኛሉ።

የተከበራችሁ የማኅበሩ አባላት፤

ዐባይን ለመገደብ ብዙ መሐንዲሶች፣ ብዙ ሲሚንቶና ብዙ ዓመታት አስፈልገዋል። ከሐይቁ ጋር መኖርን ለመማር ግን የሚያስፈልገው አንድ አባትና አንዲት እናት፣ ልጆቻቸውም፣ ከእነርሱ ጋር ለመሄድ የፈቀደ አንድ መምህር ነው። የጉባ ልጅ አባቱ በያዘው እጁ ወንዙን ይሻገር ነበር። ያ መሻገሪያ ዛሬ በውሃ ተሸፍኗል። እጁ ግን አሁንም አለ፤ ልጁም አሁንም እጁን ዘርግቶ ይጠብቃል።